«ዳታቤዝ ገብቼ ባዶ እጄን እወጣለሁ»፦ ለአንዲት የማስተርስ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የማጠናው በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ስለሚታይ የደም ማነስ ነው። እስከዛሬ የምጠቀመው ጉግልን ብቻ ነበር። አድቫይዘሬ ግን ‹ከዳታቤዝ ፈልጊ፤ የመጨረሻዎቹ 5 ዓመታት ብቻ ይሁኑ› አሉኝ። ፐብሜድ ላይ ርዕሴን እንዳለ ስጽፈው ምንም አላገኘልኝም። ‹አኒሚያ› ብዬ ስጽፍ ደግሞ መዓት መጣብኝ። ያገኘሁትንም ልከፍት ስል ዶላር ክፈይ ይለኛል። ላይብረሪያችን በነፃ የሚያስገባ ነገር አለው ይባላል፤ ከቤት ሆኜ መግባት እችላለሁ? የት ልጀምር?»

ሰላም እህቴ። ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ተማሪዎችን በፍለጋ መርዳት ነው። የፕሮፖዛል ሰሞን ሲደርስ የሚመጣልኝ ጥያቄ በአብዛኛው ያንቺው ዓይነት ነው። የዶላሩን ነገር መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን፤ መላ አለው። መጀመሪያ ፍለጋሽን እናስተካክል። ፓስወርዱ ዛሬውኑ እጅሽ ቢገባ እንኳ አሁን በምትፈልጊበት መንገድ ብዙ አትራመጂም።

ጉግል የፈለግሽውን ይገምትልሻል። ፊደል ብትስቺ ያርምልሻል፣ ያላልሽውንም ጨምሮ ያመጣልሻል። ዳታቤዝ፣ ማለትም እንደ ፐብሜድ ያለ የጥናት ጽሑፎች መዝገብ፣ እንዲህ አያባብልም። በአብዛኛው የሰጠሽውን ቃል ይዞ ነው የሚሄደው። ርዕስሽን እንዳለ ስትጽፊለት «እነዚህ ቃላት በሙሉ ያሉበትን ጽሑፍ አምጣ» እያልሽው ነው። «ማግኒቲዩድ» (መጠን)፣ «አሶሲዬትድ ፋክተርስ» (ተያያዥ ምክንያቶች)፣ የዞኑ ስም፣ የጤና ጣቢያው ስም፣ ዓመቱ፤ ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ጽሑፍ ገና አልተጻፈም። የምትጽፊው አንቺ ነሽ! «አኒሚያ» ብቻ ስትይ ደግሞ ፐብሜድ ካሉት ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ውስጥ የሕፃኑን፣ የካንሰር ታማሚውን፣ የውሻውን የደም ማነስ ሳይቀር ያግተለትልሻል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ዝጊና ወረቀት አውጪ። እውነቴን ነው። ጥሩ ፍለጋ ወረቀት ላይ ነው የሚጀምረው። ሦስት ዓምድ አስምሪ። አንደኛው ላይ ችግሩን ጻፊ፦ የደም ማነስ። ሁለተኛው ላይ ሰዎቹን፦ ነፍሰ ጡር እናቶች። ሦስተኛው ላይ ቦታውን፦ ኢትዮጵያ። «ማግኒቲዩድ» እና «አሶሲዬትድ ፋክተርስ» የሚሉትን ተያቸው። ጸሐፊዎች እነሱን በፈለጋቸው መንገድ ስለሚገልጿቸው ፍለጋ ውስጥ ብታስገቢያቸው ጥሩ ጥሩ ጽሑፎች ይቀሩብሻል።

ከዚያ በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ሌላ ሰው ይህንኑ ነገር ሲጽፍ ምን ብሎ ይጽፈዋል? «አኒሚያ»ን አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ የሚጽፉት በተለያየ ፊደል ነው፤ በእንግሊዞቹ አንድ «ኤ» ትጨመራለች። ሁለቱንም ጻፊ። «ሄሞግሎቢን»ም እንደዚያው ነው። «አይረን ዴፊሸንሲ» የሚለውንም ጨምሪ። ሁለተኛው ዓምድ ሥር «ፕሬግናንት»፣ «ፕሬግናንሲ»፣ «አንቴናታል»፣ «ፕሪናታል»፣ «ማተርናል» ይሰለፋሉ። ሦስተኛው ላይ ከ«ኢትዮጵያ» ሌላ የክልልና የከተማ ስሞችን መጨመር ትችያለሽ። እዚህ ላይ የኛ አገር ጣጣ አለ። ሐዋሳን አንዱ በ«ኤች» ይጀምረዋል፣ ሌላው ያለ «ኤች»። ጎንደር አንዴ በ«ኤ»፣ አንዴ በ«ኢ» ይጻፋል። ዳታቤዙ ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን ካልነገርሽው ሁልጊዜ አያውቅም።

አሁን ላፕቶፑን ክፈቺ። በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ቃላት «ኦር» በሚለው አያያዥ ቃል አገናኚና በቅንፍ ዝጊያቸው። «ኦር» ማለት «ከእነዚህ አንዱ ይበቃኛል» ማለት ስለሆነ ውጤቱን ያበዛል። ዓምዶቹን እርስ በርስ ደግሞ «ኤንድ» በሚለው አገናኚ። እሱ «ሁሉም መኖር አለባቸው» ስለሚል ውጤቱን ያጠባል። ሁለቱንም በትልልቁ ፊደል መጻፍ ልመጂ። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ቅንፉን በመርሳት ነው። ያለ ቅንፍ ፐብሜድ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ያነበዋልና ያላሰብሽው ነገር ይወጣል። «ኖት» የሚባል ሦስተኛ አያያዥም አለ፤ ለጊዜው አትንኪው። «ሕፃናት አይግቡ» ብትይ እናትንም ሕፃንንም አብሮ ያጠናውን ጽሑፍ ይጥልብሻል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ቃል አንድ ላይ እንዲፈለግ ከፈለግሽ በትምህርተ ጥቅስ ክበቢው። የቃሉን ሥር ጽፈሽ ኮከብ ምልክት ብታደርጊበት ደግሞ የሚረባቡትን ሁሉ ያመጣልሻል። «ፕሬግናን» ላይ ቆርጠሽ ኮከብ ብታስቀምጪ «ፕሬግናንት»ም «ፕሬግናንሲ»ም ይመጣሉ። ፐብሜድ ላይ ግን አንድ ነገር እወቂ። ኮከብ ያደረግሽበትን ቃል ከራሱ መዝገበ ቃላት ጋር ማመሳከሩን ያቆማል።

ይህ መዝገበ ቃላት «ሜሽ» ይባላል። 30 ሺህ አካባቢ የሕክምና አርእስት አሉት። አንድ ጽሑፍ ፐብሜድ ውስጥ ሲመዘገብ ደራሲው የተጠቀመበት ቃል ምንም ይሁን ምን በሜሽ አርእስት ሥር ይመደባል። ስለዚህ የሜሽ ገጽ ላይ ገብተሽ የደም ማነስን ብትፈልጊ በሥሩ ያሉትን ዓይነቶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ታያቸዋለሽ። በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ፐብሜድ ውስጥ እያሉ የሜሽ አርእስት ያልተሰጣቸው ጽሑፎች አሉ። በየዓምዱ የሜሽ አርእስቱን ካንቺ ቃላት ጋር በ«ኦር» አጋቢያቸው።

«ኢትዮጵያ» የሚለውን ደግሞ ርዕስና አብስትራክት (የጽሑፉ ማጠቃለያ) ውስጥ ብቻ እንዲፈልገው እዘዢው። «አድቫንስድ» የሚለውን ስትጫኚ «ታይትል/አብስትራክት» የሚል ምርጫ አለ። ዝም ብለሽ ከጻፍሽው የደራሲውን አድራሻ ሁሉ ይቆጥረዋል። ያኔ ጥናቱ ሌላ አገር ተሠርቶ ከደራሲዎቹ አንዱ አዲስ አበባ ስላለ ብቻ የሚመጣ ጽሑፍ ይበዛብሻል።

ብዙ ተማሪ የማያውቀው አቋራጭም አለ። ይህን ሁሉ የፍለጋ ቀመር ከዜሮ መሥራት የለብሽም። ባንቺ ርዕስ ዙሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠሩ ሲስተማቲክ ሪቪውዎች፣ ማለትም በአንድ ርዕስ ላይ ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው የሚገመግሙ ጽሑፎች፣ አሉ። ፐብሜድ ላይ በግራ በኩል ካሉት ማጣሪያዎች «ሲስተማቲክ ሪቪው» የሚለውን ምልክት አድርጊ። ያገኘሽውን ክፈቺና «ሰርች ስትራቴጂ» የሚለውን ክፍል ወይም ከጽሑፉ ጋር የተያያዘውን ተጨማሪ ፋይል ፈልጊ። ለእንዲህ ዓይነት ጥናቶች የወጣው «ፕሪዝማ 2020» የሚባለው መመሪያ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የተጠቀሙበትን ሙሉ ቀመር እንዲያሳዩ ይጠይቃል። ሌላ ሰው የለፋበትን ቀመር ቀድተሽ፣ ካንቺ ዓላማ ጋር አስማምተሽ፣ ከማን እንደወሰድሽ ጠቅሰሽ ትጠቀሚበታለሽ። ነውር የለውም፤ እንዲያውም የሚመሰገን ሥራ ነው። በዚያ ላይ የሪፈረንስ ዝርዝሩ ራሱ ግማሽ ሥራሽን ይጨርስልሻል። ወደ ኋላ ዝርዝሩን ታነቢያለሽ፤ ወደ ፊት ደግሞ «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ተጭነሽ ከዚያ በኋላ ማን እንደጠቀሰው ታያለሽ።

አድቫይዘርሽ «የ5 ዓመት ብቻ» ያሉሽን በደንብ ጠይቂያቸው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚሉት ተማሪ ያረጀ ቁጥር ይዞ እንዳይመጣ ሰግተው ነው። ልክ ናቸው። ግን ሁሉም ነገር በዚያ ማጣሪያ አያልፍም። የ2016ቱ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ቁጥር ዛሬም ይጠቀሳል፤ በ5 ዓመት ማጣሪያ ግን ይወድቃል። ደግሞ ዳሰሳው የጆርናል ጽሑፍ ሳይሆን ሪፖርት ስለሆነ ፐብሜድ ላይ ብትቆፍሪ አታገኚውም፤ የዳሰሳው ፕሮግራም የራሱ ድረ ገጽ አለው።

የዓመቱ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ በእርግዝና መካከለኛ ሦስት ወራት የደም ማነስ መለኪያው ሄሞግሎቢን ከ10.5 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ነው፤ በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ከ11 በታች። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ለዘጠኙም ወር 11ን ነው የተጠቀሙት። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ግን ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ መለኪያቸው አንድ መሆኑን ካላየሽ ኤግዛሚነርሽ ያየዋል። የሄሞግሎቢን መጠን እንደ ቦታው ከፍታም ተስተካክሎ ይሰላል። ደጋ ላይ የምታጠኚ ከሆነ «አልቲቲዩድ» የሚለውን ቃል ለብቻው አንድ ቀን ፈልጊበት፤ አትቆጪም።

ፐብሜድ ብቻውን አይበቃሽም። የአገር ውስጥ ጆርናሎች ሁሉ እዚያ የሉም። «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» የሚባለው፣ በአጭሩ «አጆል»፣ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። በ1998 ነው የተጀመረው፤ አሁን መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ነው። የኛዎቹን እነ «ኢትዮጵያን ጆርናል ኦፍ ሄልዝ ዴቨሎፕመንት»ን እዚያ ታገኛለሽ። መፈለጊያው እንደ ፐብሜድ አይራቀቅም። ረጅም ቀመርሽን እዚያ አትለጥፊ፤ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴሲስ ማከማቻም አለ። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸው አላቸው። ቴሲስ የምታነቢው መጠይቁ እንዴት እንደተዘጋጀ፣ የናሙና ስሌቱ እንዴት እንደተሠራ፣ ማን ማን እንደተጠቀሰ ለማየት ነው። አንቀጽ ገልብጠሽ ለመለጠፍ ካሰብሽ ግን ተዪው። መመሳሰልን የሚፈትሹ ሶፍትዌሮች ኢንተርኔት ላይ ያለ ቴሲስን ከማንም ቀድመው ነው የሚያገኙት።

ጉግል ስኮላር ይጠቅማል፤ በተለይ ርዕሱን የምታውቂውን ጽሑፍ ፒዲኤፍ ለማግኘትና ማን እንደጠቀሰው ለማየት። ዋና መፈለጊያሽ ግን አታድርጊው። 20 ሺህ ውጤት አገኘሁ ቢልሽም የሚያሳይሽ የመጀመሪያዎቹን 1000 ብቻ ነው። የትኞቹን ጆርናሎች እንደሚያካትትም ዝርዝር አያወጣም። ኤግዛሚነር «ፍለጋሽን ልድገመው» ቢልሽ ያንኑ ውጤት ለማሳየት ትቸገሪያለሽ።

የአገራችንን ደራሲዎች ስትፈልጊ የስሙን ነገር ልብ በይ። ዳታቤዞቹ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ አንዳንዱ ቦታ «ዘውዴ» ተብለው ነው የሚገኙት፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ በአገራችን ልማድ «ባሕሩ» በሚለው። ሁለቱንም ሞክሪ። ሕክምና ላይ ደግሞ ይብሳል። «ከበደ» የሚለው ስምና አንዲት ፊደል ብቻ ስለሚቀመጥ አሥር ሰው አንድ ሰው ይመስላል። ተቋሙንና የጥናት ዘርፉን ሳታዪ «የእሳቸው ነው» አትበዪ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት ላይ «2008» የሚል ካየሽ በኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ 2015/16 ነው። ይህን ሳታዪ የሪፈረንስ ዝርዝርሽ ውስጥ 2008 ብለሽ ብትጽፊ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ነው። አድቫይዘርሽም «ይሄ አርጅቷል» ብለው ይሰርዙብሻል።

አሁን የሚበዛብኝ ደግሞ ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን ሪፈረንስ ይዘው «ጽሑፉን አጣሁት» የሚሉ ተማሪዎች ናቸው። ሊያጡት ይችላሉ፤ የሌለ ጽሑፍ ሊሆን ይችላላ። ደራሲው፣ ጆርናሉ፣ ገጹ ሁሉ እውነት ይመስላል፤ ጽሑፉ ግን የለም። በ10 የሚጀምረውን የዲኦአይ ቁጥር (የጽሑፉን ቋሚ መለያ) ብሮውዘርሽ ላይ ፈልጊው፤ ወደ ሌላ ጽሑፍ ከወሰደሽ ወይም የትም ካልወሰደሽ ጣዪው። ለዓምዶችሽ ተመሳሳይ ቃላት እንዲጠቁምሽ ብትጠይቂው ግን ቅር አይለኝም። በዚያ ጎበዝ ነው።

ፍለጋሽን ደብተር ላይ ወይም ኤክሴል ላይ መዝግቢ፦ ቀኑን፣ የዳታቤዙን ስም፣ ቀመሩን እንዳለ፣ የመጣውን ብዛት፣ የወሰድሽውን ብዛት። ፐብሜድ የፍለጋ ታሪክሽን ይይዝልሻል፤ ግን 8 ሰዓት ካልነካሽው ያጠፋዋል። መብራት ሄዶ ውሎ ማደሩን ታውቂያለሽ። ነፃ አካውንት ከፍተሽ ቀመሩን ብታስቀምጪው አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ኢሜይል እንዲልክልሽ ማድረግም ትችያለሽ። ሪፈረንሶቹን ደግሞ ዞተሮ በሚባለው የሪፈረንስ ማደራጃ ሶፍትዌር ላይ ሰብስቢ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

እሺ፣ ዶላሩ። መጀመሪያ ነገር፣ እንዳትከፍዪ። ፐብሜድ ራሱ የሚያሳይሽ አብስትራክት ነው። ሙሉው ጽሑፍ ያለበት እህት ማከማቻ «ፒኤምሲ» ይባላል፤ ከ2000 ጀምሮ ያለና ነፃ ነው። ፐብሜድ ላይ «ፍሪ ፉል ቴክስት» የሚለውን ብትመርጪ ነፃዎቹን ይለይልሻል። ባንቺ ርዕስ ላይ የአገራችን ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሳትሙት ነፃ በሆኑ ጆርናሎች ላይ ስለሆነ እዚያው ብዙውን ታገኛለሽ። ማጣሪያውን ግን ቀመሩን በምትሠሪበት ሰዓት አትጠቀሚበት። መጀመሪያ ሁሉንም እዪ፣ የሚያስፈልግሽን ምረጪ፣ ከዚያ ሙሉ ጽሑፉን አድኚ። ነፃ የሆነውን ብቻ ከወሰድሽ ሊትሬቸር ሪቪውሽ የተንሻፈፈ ይሆናል።

የተዘጋውን የሚከፍትልሽ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» ነው። ላይብረሪው አለው የተባልሽው ነገር እሱ ሊሆን ይችላል። የጤናው ክፍል «ሂናሪ» ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 የጀመረው ነው። በኋላ ለግብርና «አጎራ»፣ ለአካባቢ ጥናት «ኦኤር»፣ ለቴክኖሎጂ «አርዲ»፣ ለሕግ ደግሞ «ጎአሊ» ተጨመሩ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። አንቺ ግን በግልሽ መመዝገብ አትችዪም። የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፤ መግቢያ ስሙና ፓስወርዱ የሚሰጠው ለላይብረሪው ነው።

ከቤት ሆኖ መግባት ይቻላል ወይ ላልሽው፣ በሂናሪ ፓስወርድ ይቻላል። ጽሑፉን በቀጥታ አሳታሚው ገጽ ላይ ሄደሽ ብትከፍቺው ግን ያው ዶላሩ ይመጣል። መጀመሪያ ሂናሪ ውስጥ ግቢ፤ ከዚያ ከሂናሪው ገጽ ላይ ወደ ፐብሜድ ወይም ወደ ጆርናሉ እለፊ። ፓስወርዱን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት መቶ ፒዲኤፍ ካወረደ አሳታሚው ዩኒቨርሲቲውን በሙሉ ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ልመና ብዙ ነው። ሌሎች ዳታቤዞች ደግሞ በግቢው ኔትወርክ ብቻ የሚከፈቱ ሊሆኑ ስለሚችሉ የትኛው የትኛው እንደሆነ ላይብረሪውን ጠይቂ።

በዚህም ያልተገኘ ጽሑፍ ካለ ለደራሲው ኢሜይል ጻፊ። አድራሻው ብዙ ጊዜ ከደራሲዎቹ ስም ጋር ይገኛል። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆንሽና ለምን እንደፈለግሽው። ጽሑፉን ለጠየቀ ተማሪ መላክ ለደራሲ ደስታ ነው።

ላይብረሪ ስትሄጂ በር ላይ ያገኘሽውን ሰው «ዳታቤዝ አላችሁ?» ብትይው «የለም» ሊልሽ ይችላል። «የሂናሪ ፓስወርድ ማን ጋ ነው ያለው?» ብለሽ ጠይቂ። ዲጂታል ላይብረሪ ወይም ኢ-ሪሶርስ የሚባል ክፍል ካለ እዚያ ሂጂ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ጭራሽ አልተመዘገበም ከተባልሽ የላይብረሪው ዳይሬክተር ሪሰርች ፎር ላይፍ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተቋም መመዝገቢያ ፎርም መሙላት ይችላሉ። አድቫይዘርሽን ይዘሽ ብትሄጂ ፎርሙ ቶሎ ይሞላል። ቀመርሽን ከሠራሽ በኋላ እዚሁ ለጥፊልኝ፤ ቅንፎቹን አይልሻለሁ።